የተቆረጠው ትርፍ ገመድ

ስልኩ ሲጮህ መሰላል ላይ ሆኖ የኤሌክትሪክ መስመር እየዘረጋ ነበር። የደወለችው ሚስቱ ናት። «አባዬ አረፈ» አለችው። መሰላሉን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቀረ። መጀመሪያ የመጣበት ሐዘን አልነበረም፤ የዳቦ ቤቱ የኤሌክትሪክ ቦርድ ነው ትዝ ያለው። በዚህም በራሱ አፈረ።

አማቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኤሌክትሪክ ሲዘረጉ የኖሩ ሰው ነበሩ። የሙያ ጓደኞቻቸው «ትርፍ ተው» ይሏቸዋል። ብረት የለበሰ ወፍራም ገመድ ቦርድ ውስጥ ሲያስገቡ፣ ከጀርባው አንድ ዙር ትርፍ ካልተዉ እንቅልፍ አይወስዳቸውማ። «ነገ የሚከፍተው ሰውም ገመድ ይፈልጋል» ይላሉ። ለልጅ ልጃቸው ልብስ ሲገዙ እንኳ እጅጌው ተጠቅልሎ የሚለበስ ነው። የገመዱን የብረት ሽቦዎች አንድ በአንድ ዘርግተው ገመዱን ከቦርዱ ጋር በሚይዘው ማሰሪያ ሾጣጣ ላይ ያስተኟቸዋል፤ ካጠበቁ በኋላ በሁለት እጃቸው ይጎትታሉ። ንቅንቅ ካላለ ብቻ የጎማ ቆቡን ያለብሱታል።

«ብረቱ በደንብ ካልተያዘ ኧርዝ የለም፤ ያመለጠው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበት የለውም። ኧርዝ ከሌለ ደግሞ ሳጥኑን የነካው ሰው ነው ኧርዝ የሚሆነው» ይሉት ነበር።

«አባባ፣ እርስዎ አንዷን ጫፍ እስኪያስሩ እኮ ሕንፃው ያረጃል!»

«አንተ ጥድፊያ! ልጄንም እንዲሁ አጣድፈህ ነው የወሰድክብኝ።»

የዳቦ ቤቱን ኤሌክትሪክ አብረው ሲዘረጉ አንድ ቀን አማቱ ወገባቸውን አሟቸው ቀደም ብለው ወደ ቤት ገቡ። ለእሱ የተዉለት የኤሌክትሪክ ምድጃውን ገመድ ማሰር ብቻ ነበር። ቀለም ቀቢው ከቦርዱ ጀርባ ብቅ ያለውን የገመድ ዙር አይቶ «ይኼ ደግሞ የማን አንጀት ነው?» አለው። እሱም ሳቀና ለዓይን እንዲያምር ብሎ ዙሩን ቆረጠው። በችኮላው የብረት ሽቦዎቹንም ከልክ በላይ አሳጠራቸው፤ ማሰሪያው ጫፍ ጫፋቸውን ብቻ ያዘ። ጎትቶ አልሞከረም። የጎማ ቆቡን ደፋበትና ወጣ።

ከወራት በኋላ ምድጃው ጋጋሪውን ነዘረው። አማቱና እሱ አብረው ሄዱ። ሽማግሌው ቆቡን ገፋ አድርገው ገመዱን ሳብ ሲያደርጉት ተንሸራቶ ወጣ። እጃቸውን ከቦርዱ ጀርባ ሰደው ዳበሱ። ዙሩ የለም። የቀረው ገመድ እንደገና ለማሰር አይደርስም።

«የማን ሥራ ነው ይሄ?» አለች የዳቦ ቤቱ ባለቤት።

«የእኔ ነው» አሉ ሽማግሌው። «አዲስ ገመድ እንስብልሻለን። እስከዚያ ምድጃው እንደጠፋ ይቆይ።»

እሱ አጠገባቸው ቆሞ የእጅ ባትሪ ያበራል። በመንገድም አልወቀሱትም፤ «ወገቤ ይሻለኝና እንሠራዋለን» ብቻ አሉት። አልተሻላቸውም።

ሊያጽናኑ ከመጡት ሰዎች መካከል የዳቦ ቤቱ ባለቤትም ነበረች። ከሚስቱ ጎን ተቀምጣ፣ ክፉ ሳታስብ፣ «ምን ይደረግ፣ ዕድሜ ነው። በመጨረሻ እጃቸው ደክሞ ነበር። እኔስ አልተቀየምኳቸውም» አለቻት።

«የአባዬ እጅ?» ሚስቱ ወደ እሱ ዞረች። «አንተ አብረኸው አልነበርክ? እውነት ነው?»

እሱ ለገባው እንግዳ ወንበር ሊያቀርብ ተነሣ።

የሰዉ እግር ሲቀንስ ዳቦ ቤት ሄደና አዲስ ገመድ ሳበ። ዙሩን ተወ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አስተኛ፣ አጠበቀ፣ በሁለት እጁ ጎተተ። ኧርዙን በመለኪያ አየ፤ ደህና ነው። ከዚያ ሴትዮዋን ጠራት።

«ያን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እሳቸው አይደሉም» አላት ወለሉን እያየ።

እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ታዲያ ይህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለልጃቸው ንገራት እንጂ።»

«እነግራታለሁ።»

ምድጃው ይሠራል። ሚስቱ የአባቷን የመሣሪያ ሳጥን በጨርቅ ስትወለውል አንዳንዴ ቀና ትልና «እውነት እጁ ደክሞ ነበር?» ትለዋለች።

እስካሁን አልነገራትም።