ቁልቁለቷና ባትሪዬ

ከደብረ ብርሃን ወደ ድሬዳዋ ስዛወር መኪናዬን ከብርድ ያሳረፍኳት መስሎኝ ነበር። ባትሪ የሚገድለው ውርጭ ብቻ ነው ብዬ አምን ነበርና። እዚህ ያለው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ግን ገና ሲያየው፣ «እህቴ፣ የእኛ አገር ሙቀት ቀቅሎታል፤ አልቆለታል፣ ቀይሪው» አለኝ። ሻጭ ሌላ ምን ይላል ብዬ ሄድኩ።

እኔ ጥንቁቅ ሰው ነኝ፤ ነገር ሳይረጋገጥ አልወስንም። ጠዋት በስመ አብ ብዬ ቁልፉን አዞራለሁ። ከተነሳ፣ የመቀየሪያው ጊዜ አልደረሰም ማለት ነው። ካልተነሳ ደግሞ ጸሎቴ ጎድሏል። በዚህ አያያዝ ባትሪው መቼም ጥፋተኛ አይሆንም።

ሰፈር ውስጥ ጠዋት የሚገፋልኝ አላጣም። ከምሳ በኋላ ግን ጫት ይዞ የተቀመጠን ሰው ከፍራሹ አስነስቶ መኪና ማስገፋት አይሞከርም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ መውጣት ተውኩ፤ ለጠየቀኝ «የጥሞና ሰዓቴ ነው» እላለሁ።

እሑድ ነጠላ ያጣፋውን ምእመን ሁሉ ግፉልኝ ማለት አሳፈረኝ። ቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ አንድ መኪና ብቻ የምትይዝ ቁልቁለት አለች። እዚያ ካቆምኩ፣ ስመለስ ፍሬን ለቅቄ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ማንንም ሳላስቸግር እሄዳለሁ። ቦታዋን ለመያዝ ግን ኪዳን ሳይደርስ፣ ከሰው ሁሉ ቀድሜ መገኘት ነበረብኝ። ሦስት ወር ሙሉ አንድ እሑድ አላጎደልኩም።

ታዲያ አንድ ቀን ቄሱ ሰብከው ሲጨርሱ፣ «ከሩቅ አገር መጥታ እኛን የቀደመችንን ይህችን እህት እዩ» አሉ። ሕዝቡ ዞሮ አየኝ። ነጠላዬን ግንባሬ ድረስ ሳብኩ። ትሕትና መሰላቸው።

በሳምንቱ ስደርስ አንዲት አሮጊት በሩ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናቸው፤ ቤታቸው ከቀፊራ ገበያ ማዶ ነው።

«እማማ፣ በዚህ ጨለማ በእግርዎ?»

«ምን ላድርግ፤ አንቺ ስትቀድሚኝ እዚሁ የተወለድኩት አፈርኩ፣ ወላሂ።»

ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወላሂ ሲባል የሰማሁት ድሬዳዋ ነው። ጉልበታቸውን ያሻሉ። በሚቀጥለው እሑድም መጡ፤ በሦስተኛው ከዘራ ይዘው። ቅዳሴው አልሰማ አለኝ። የእኔ ባትሪ የሰው ጉልበት እየበላ ነው።

ሰኞ መኪናዬ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። በዚያው ነድቼ ባትሪውን ልቀይር ሄድኩ።

«ዛሬ ተነስቶልሽ ነው የምትቀይሪው?» አለ ሠራተኛው።

«አዎ።»

«አቦ፣ የደጋ ሰው አይገባኝም።»

እሑድ እንደ ወትሮዬ ማልጄ ሄድኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የማለዳዬን ምክንያት፣ ቁልቁለቷን፣ ባትሪውን፣ ሁሉንም ተናዘዝኩ። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ሞተርሽ ቁልቁለት ላይ ሲነሳ በየሳምንቱ ይሰማል እኮ» አሉ። «ያልሰማ ማን አለ?»

«ቄሱም?»

«እሳቸው ውስጥ ናቸው፤ ምን ይሰማሉ።»

«እርስዎ ካወቁ ታዲያ ለምን መጡ?»

«አፈርኩ አልኩሽ እኮ። አንቺ ለባትሪ ብለሽ እንዲህ ከማለድሽ፣ እኔ ለፈጣሪ ብዬ ከአልጋ መውረድ ያቅተኝ?»

ለይቅርታ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ሥራ ፈታ። እሳቸው ግን ከዘራቸውን ወደ መኪናዋ ቀሰሩ።

«አሁን አዲስ ገብቶላታል አይደል?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እንግዲያው እሑድ ከሌሊቱ አሥር ተኩል ላይ ደጄ ቁሚ። ጡሩምባ እንዳትነፊ፤ ጎረቤት ተኝቷል።»

አሥር ተኩል ማለት ለቁልቁለቷ ስል ከምነሳበትም ይቀድማል። እነሆ በየእሑዱ እሄዳለሁ። አሮጌው ባትሪ ቢኖር፣ አንዳንዴ እንኳ እምቢ ይልልኝ ነበር።