አቧራው የቱ፣ እናቴ የቷ

እናቴን መጀመሪያ ስካን ያደረግኋት እንደ ደብዳቤ ነው። ሥራዬ ያስለመደኝ ይኸንኑ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ፣ ማኅደር ክፍል ተቀምጬ ዘመኔን የፈጀሁት የሰው ወረቀት መስታወት ላይ እየደፋሁ ነው፦ ጥቁርና ነጭ፣ ዝቅተኛ ጥራት፣ ፋይሉ እንዳይከብድ። ደብዳቤ ፊደሉ ከተነበበ በቃው። የእናቴን መታወቂያም በዚያው ልማድ ደፋሁትና ክዳኑን ከደንሁ። ስክሪኑ ላይ የመጣው አፍንጫ የሌለው፣ ግማሹ የጠቆረ ግማሹ የነጣ፣ የማንም ያልሆነ ፊት ነበር።

ሙት ዓመቷ ደርሷል። እኅቴ አዲስ አበባ፣ ወንድሜ ሐዋሳ ናቸው። ከእናቴ ጋር ቤት የቀረሁት እኔ ነኝ፤ አሁን ደግሞ ያለ እሷ ቀርቻለሁ። ሁለቱ በስልክ ተመካክረው ዳሱ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ባነር እንዲሠራ ወሰኑ፤ ፎቶውን የምልከው እኔ ነኝ። እሺ አልሁ። ግን የትኛውን ፎቶ? ቄሱ አባታችን ካረፉ ወዲህ እናታችን መንኩሳ፣ ቆቧን እስከ ቅንድቧ ዝቅ አድርጋ ነው የኖረችው። በሰው ሠርግ ላይ የተነሣቻቸው ጥቂት ፎቶዎች አሉ፤ በሁሉም ወይ ፊቷን አዙራለች፣ ወይ አፏን በነጠላ ሸፍናለች። ካሜራ ሲያዩ የሚሸሹ ሰዎች አሉ፣ እምዬ የእነሱ አለቃ ነበረች። ሙሉ ፊቷ የሚታየው አንድ ጉርድ ፎቶ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ተለጥፏል። ስትነሣ አብሬያት ነበርሁ። ፎቶ አንሺው «እማሆይ፣ ግንባርዎ ካልታየ ቀበሌ አይቀበለዎትም» ሲላት ተቆጥታ ቆቧን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች። ቁጣዋ አሁንም ፎቶው ላይ አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮ ውስጥ ሰው አይኖርም። በመስኮቱ ሐይቁ ይታያል፤ ከደንገሉ ሣር ወዲያ አንድ ጀልባ ወደ ደሴቶቹ ይሄዳል። ብቻዬን መዋል የለመድሁ ይመስለኝ ነበር። ባዶ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ የእናትን ፊት ማስተካከል ግን ሌላ ነው፤ «ይሄ ይሻላል ወይስ ያኛው?» የሚሉት ሰው ያምራል።

ጥቁርና ነጭ በሆነው ፎቶ ላይ ሐምራዊ የቀበሌ ማኅተም አለ፣ ከጥግ ተነሥቶ ጉንጯ ድረስ የሚደርስ። ሁለተኛ ጊዜ በግራጫ ሞከርሁት። ፊቷ መጣ፣ ግን ማኅተሙም ግራጫ ሆኖ ከቆዳዋ ጋር ተቀላቀለ፤ የቱ ቀለም የቱ ጉንጭ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ያኔ ነው ቀለም የሌለውን ነገርም በቀለም ስካን ማድረግ እንደሚገባ የገባኝ። በቀለም ሲሆን ሐምራዊው ሐምራዊ ሆኖ ይቀራል፣ ኋላ ለይቶ ማውጣት ይቻላል። ጥራቱን ሦስት መቶ ላይ አደረግሁት። በልኩ ሲታይ ደኅና ነበር፣ ለባነር ስለጥጠው ግን ፊቷ በዶቃ የተሰካ መሰለ። ሺህ ሁለት መቶ ላይ አወጣሁት። የመታወቂያው ፕላስቲክ በኪሷ ሲታሽ ኖሮ ተጭሮ ስለነበር «አቧራና ጭረት አጥፋ» የሚለውንም ሳጥን ምልክት አደረግሁበት። ብርሃኑ ከክዳኑ ሥር እየተጎተተ አለፈ።

የወጣው ፎቶ ያምር ነበር። ማኅተሙን ስለቅም አመሸሁ፣ ከዚያ በቴሌግራም ላክሁላቸው። ወንድሜ ልብ ላከ። እኅቴ «ውይ እምዬ! ስታምር!» ብላ ጻፈች። እኔም ደስ ብሎኝ ደጋግሜ አየኋት፤ ባየኋት ቁጥር ግን አንድ ነገር ይጎድላል። ያልተቆጣች መሰለችኝ። ቀስ ብዬ ነው ያወቅሁት፦ ግንባሯ ባዶ ነው። በልጅነቷ በተወለደችበት ደሴት፣ ደቅ ላይ፣ የተነቀሰችው መስቀል የለም። ማሽኑ አቧራ መስሎት ጠርጎታል።

«መስቀሉ ጠፍቷል» ብዬ ጻፍሁ።

«የምን መስቀል?» አለችኝ እኅቴ።

ስልኬን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። ተናድጄ ነበር፤ ከንዴቱ ሥር ደግሞ ፍርሃት አለ። እኅቴ ምን ታድርግ? ገና ልጅ ሳለች አክስታችን ለትምህርት አዲስ አበባ ወሰደቻት። ወንድሜም ነፍስ ያወቀው እናታችን ቆብ ከደፋች በኋላ ነው። ቆቡ ሥር ያለውን ግንባር የማውቀው እኔ ነኝ፣ ስትታመም ፊቷን የማጥብላት እኔ። ያ መስቀል እንደነበር የሚያውቅ ሰው ከእንግዲህ እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው።

በማግስቱ «አቧራና ጭረት አጥፋ» የሚለውን ሳጥን ባዶ ትቼ እንደገና ስካን አደረግሁ። መስቀሉ ተመለሰ። ከእሱ ጋር ጭረቱም፣ አቧራውም፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው የክር ቁራጭም መጣ። ማሽኑ የማያውቀውን እኔ በእጄ ልለይ ቁጭ አልሁ። ይሄ ጭረት ነው፣ ይጥፋ። ይሄ የዓይኗ ጥግ ሽብሽብ ነው፣ ይቆይ። ደስ የሚል ሥራ ነበር፤ ከእሷ ጋር የምጨዋወት ያህል ሆኖልኝ ነበር። ከግራ አገጯ በላይ ካለችው ጥቁር ነጥብ ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ።

ትንሽ ክብ ነጥብ ናት። ፕላስቲኩን ጠረግሁት፣ አልለቀቀችም፤ ከሥር ናት። ከቀበሌው ጸሐፊ ብዕር የተፈናጠረ ቀለም ልትሆን ትችላለች። ፎቶው ሲታጠብ የተበላሸ ሊሆንም ይችላል። ወይ ደግሞ ማርያም የሳመቻት ናት፣ አብራት የተወለደች ምልክት። ጥራቱን ማሽኑ እስከቻለው ድረስ ከፍ አደረግሁት። ነጥቧ ትልቅ ሆነች እንጂ አልጠራችም።

ዓይኔን ጨፍኜ ለማስታወስ ሞከርሁ። የሚመጣልኝ የኋለኛው ፊቷ ነው፣ እርጅና ያመጣው ነጠብጣብ የሞላበት። በዚያ ሁሉ መሐል አንዷ ከልጅነቷ ጀምሮ የነበረች ትሁን አትሁን በምን ልለይ? በየጠዋቱ ለብ ባለ ውኃ ያጠብሁት ፊት ነው። ሳጥበው ኖርሁ እንጂ አላየሁትም። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ያለቀስሁትን ያህል በቀብሯ ቀን አላለቀስሁም።

ወንድሜ ጋ ደወልሁ። «አገጯ ጋ ያለችውን ነጥብ ላጥፋት ወይስ ልተዋት?»

«እንጃ፣ እኔ እኮ ልብ ብዬ አላውቅም» አለኝ። ቀጥሎ በፍቅር «አንቺ እያለሽ እኔን ትጠይቂኛለሽ? አብረሻት የኖርሽው አንቺ» አለ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ንግግሩ ጆሮዬ ላይ ቀረ። የእናቴ እኩዮች አልቀዋል፤ ከደቅም የሚጠየቅ ዘመድ የለም።

ተውኋት። አቧራ ሆና ብትቀር ማንንም አትጎዳም። የእምዬ ሆና ባጠፋትስ?

ባነሩ ዳሱ መግቢያ ላይ ተሰቀለ። ካህናቱ ከፍትሐቱ በኋላ ቆመው አዩት፤ ጎረቤቶቻችን «ቁጣዋ ሳይቀር!» ብለው አለቀሱም ሳቁም። መስቀሉ ግንባሯ ላይ ጠቆር ብሎ ጉልህ ሆኖ ይታያል። እኔ ሳህን ይዤ ስወጣ ስገባ እኅቴ ትንሿን ልጇን አቅፋ ባነሩ ፊት ቆማለች።

«ይቺን ታያለሽ?» ትላታለች፣ በጣቷ የባነሩን አገጭ እየነካች። «ማርያም የሳመቻት ናት። እኔ ልጅ ሆኜ ይቺን ሳልነካ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።»

ባለሁበት ቆምሁ። ግንባሯ ላይ ያለውን መስቀል ያላስታወሰች ልጅ ይቺን አስታወሰች? ወይስ ፎቶው ነው አሁን ያስታወሳት? ቀናሁባት፤ እውነት ነው፣ በጣም ቀናሁባት። ልከራከራት ፈለግሁ። እንደ ልማዴ እናቴ ወደምትተኛበት ጓዳ ዞር አልሁና «እምዬ፣ እውነቷን ነው እንዴ?» አልሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ጓዳው ውስጥ የተከራየነው ወንበር ተደራርቦ ነበር።