ጋምቤላ ላይ ብርድ የሚፈራ ቤት

«ዲዛይን ያደረግክልኝ ቤት እንደ ምድጃ ጋለ፤ ናና እየው!» ዛሬ በቀትር የደወለልኝ ደንበኛዬ መምህሩ ነው።

ላቤን እየጠረግኩ ሄድኩ።

ነፋሱ ከባሮ በኩል ገብቶ በጓሮ እንዲወጣ ብዬ፣ ስንት ተከራክሬ ሁለት መስኮት ፊት ለፊት አስወጥቼ ነበር። የጓሮው በብሎኬት ተደፍኗል።

«ምነው መምህር?»

«እናቴ ከደብረ ማርቆስ መጥተው፣ በሁለት በኩል ከተከፈተ ልጆቹን ብርድ ይመታቸዋል አሉኝ።»

ብርድ። ጋምቤላ ላይ። ለመሳቅም አቅም አጣሁ።

«እሳቸውስ የታሉ?»

«ጎረቤት የሣር ጎጆ ውስጥ ነው የሚውሉት። ቤቱ አፈናቸው።»

ደክሞኛል። ነገ መዶሻ ይዤ እመለሳለሁ።

እናንተስ ቤት በብርድ ፍራቻ የተደፈነ መስኮት አለ? ማን እንዳስደፈነው ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አለመሆኔን ልወቅ።