እህቴ ገዳም ውስጥ ያጋለጠችኝ ቀን

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ይህን ልጻፍ ልተወው እያልሁ ቆየሁ። ደግነቱ እዚህ ፊቴን የሚያይ የለም።

ዛሬ ከእናቴና ከታናሽ እህቴ ከሶስና ጋር በጀልባ ዘጌ ሄድሁ። ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ገዳም የሚጎበኙበት ቀን ነበር።

ያስጎበኙን መሪጌታ የግድግዳውን ሥዕሎች እያሳዩ፣ «ደጎቹ በሁለት ዓይናቸው ያዩናል። ክፉዎቹ ወደ ጎን ዞረው ስለሚሣሉ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። እስቲ ፈልጓቸው» አሉ። ልጆቹ እየተጋፉ መጠቆም ጀመሩ።

ሶስና ግን የጠቆመችው ወደ እኔ ነው።

«የኔታ! እታለምም ፎቶ ላይ ሁሌ አንድ ዓይን ናት። ክፉ ናት እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቴም ሳትቀር! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

እውነቷን ነው። ካሜራ ሳይ ፊቴን አዞራለሁ። እናቴ ፊቴ በሙሉ የሚታይበት አንድም ፎቶ የላትም፤ ስትለምነኝ ኖራለች።

መሪጌታ ግን አልሳቁም። «የለም ልጄ፣ ክፉስ አይደለችም። እሷን ሠዓሊው ገና አልጨረሳትም» አሏት።

ስንመለስ ሶስና ጭኔ ላይ ተኛች። እኔ ሐይቁን እያየሁ ንግግራቸውን ሳስብ ፈገግ እል ነበር።

እናንተንስ ሕፃን ልጅ በሰው ፊት አጋልጧችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ፣ እኔ ብቻ አልሁን።

ነገ ከቅዳሴ መልስ ሶስና ስልኩን ትይዛለች፣ እኔም ፊት ለፊቷ እቆማለሁ። ፎቶው ለእናቴ ነው፤ እዚህ ለመለጠፍ ግን ገና አልደፈርሁም።