ወሎ ሰፈር ያደረቅነው ጓሮ

ባለፈው ሳምንት የኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ ሳሮን በሬን አንኳኳች። በረንዳዋ ላይ ቆስጣና በሶብላ ልትተክል አስባ፣ ኢንተርኔት ላይ ቪዲዮ አይታ፣ የአበባ ማስቀመጫና በከረጢት የታሸገ አፈር ልትገዛ ተነሥታለች። ያን ሁሉ ተይው አልኳት። ያለቀ የዘይት ጄሪካን ወገቡ ላይ ቁረጪ፣ ሥሩን በጋለ ሚስማር ብሺው፣ ጠጠር አንጥፊበት። አፈሩን ከደረቀ ፍግና ከትንሽ አመድ ጋር ደባልቀሽ ሙዪው። ለቲማቲም ደግሞ ዘር አትግዢ፤ ሊጣል የደረሰ አንድ ቲማቲም ይበቃሻል።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ የት ተማሩት?»

«ወሎ ሰፈር።»

«እዚያ የእርሻ ትምህርት ቤት ነበር እንዴ?»

ሳቄ መጣ። እስር ቤት ነበር ብላት ለእውነቱ ይቀርብ ነበር፤ አሳሪዬ የምትወደኝ አክስቴ ብትሆንም።

ጊዜው የደርግ ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ የቀረሁ ጎረምሳ ነበርኩ። እንደኔ ያለው ከአውቶቡስ ፌርማታ፣ ከኳስ ሜዳ እየታፈሰ ወደ ማሠልጠኛ ይጫናል፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ነው። በእኛ ቀበሌ ስሜ ስለታወቀ እናቴ ወሎ ሰፈር ወስዳ ለእኅቷ ለእቴቴ ብርነሽ አስረከበችኝ። የእቴቴ አንድያ ልጅ ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ ነበር የታፈሰው፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። እቴቴ እኔን እንዳየች የግቢውን በር ከውስጥ ቀረቀረችና ከኋላ ያለውን ሰርቪስ ቤት አሳየችኝ። መምጣቴን ከሰፈሩ አንድ ሰው አልሰማም።

እቴቴ ታይፒስት ነበረች። ጠዋት ወጥታ እስክትመለስ ድረስ ሬዲዮ አልከፍት፣ ጮክ ብዬ አላስል። ግንቡ ከራሴ በላይ ነው። ከወዲያ የጋራዡ መዶሻ፣ የታክሲው ረዳት ጥሪ፣ የልጆች ጫጫታ ይሰማኛል፤ ዓለም ሁሉ እዚያ ማዶ እየኖረ እኔ ግንብ አያለሁ። አውሮፕላኖች ወደ ቦሌ ሊያርፉ ዝቅ ብለው ሲያልፉ፣ እኔን ማየት የሚችሉት ተሳፋሪዎቹ ብቻ እንደሆኑ አስብ ነበር። ድምፁ የከበደው ሲነሣ ግን ወታደር የጫነው ነው ብዬ ግድግዳ ሥር እለጠፋለሁ፣ ከሰማይ ወርዶ የሚያፍሰኝ ይመስል። ከሰው ተለይቶ መኖር እንዲህ ያጃጅላል።

ጓሮውን የጀመርኩት ከዚህ መጃጃል ለማምለጥ ነው። እቴቴ ከሾላ ገበያ ካመጣችው ቲማቲም የፈረሰውን ሰርቪሱ ጀርባ ጥላው ኖሮ በቅሎ አገኘሁት። ችግኙን ወደ ወተት ጣሳ አዛወርኩ። ከዚያ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ መጨረሻ ላይ ካሮት ቀጠለ። አትክልት ያጠብንበትን ውኃ አልደፋም፤ የእንቁላል ቅርፊት ወቅጬ አፈር ላይ እበትናለሁ፤ ቅማል የመሰለው ተባይ ሲመጣ አመድ እነሰንሳለሁ። ጎመኑን ከታች ከታች ስቀነጥበው ከላይ ይተካል። በገና ጾም ጓሮው ከእኛ ተርፎ እቴቴ ለጎረቤት ማደል ጀመረች። ደስ ብሏት ነው፤ በዚያ ቤት ደስታ ከጠፋ ቆይቷል። ጎረቤቷ ደግሞ ለጎረቤቷ አወራች።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ቅዳሜ የቀበሌው የልማት ኃላፊ ጓድ ታደሰ ብቻውን መጣ። እኔ ሰርቪስ ውስጥ ገብቼ መሬት ላይ ተኛሁ። በበሩ ሥር የሚታየኝ ጫማው ብቻ ነው።

«እጅዎ ይባረክ እትዬ ብርነሽ! ካሮቱንስ እንዴት አድርገው ነው እንዲህ ያሳመሩት?»

«እሱማ… መጀመሪያ ችግኝ አፈላሁ፤ ከዚያ አንድ በአንድ አዛወርኩት» አለች።

ስለ ጎመን የነገርኳትን ለካሮት ሰጠችው። የካሮት ዘር እዚያው በሚያድግበት ነው የሚዘራው፤ ችግኙን ነቅለው ቢተክሉት ሥሩ ተጣሞ ይቀራል። አንድ ጊዜ የዘራ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ጫማው ወደ ሰርቪሱ ተጠጋና ቆመ።

«ካሮት አይዛወርም፣ እትዬ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ገበሬ ቤት ነው ያደግኩት። ይሄን ያለማው ማን እንደሆነ አልጠይቅዎትም፤ እርስዎም አይንገሩኝ። ግን ከመምጣቴ በፊት ለበላዮቼ ለከፍተኛው ሰዎች ሞዴል ጓሮ አለ ብዬ ተናግሬያለሁ። ከወር በኋላ ጎብኚዎች ይዤ መምጣቴ አይቀርም፤ ግቢውን ሁሉ ነው የሚያዩት።»

«ወይኔ! ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«ቢነቅሉት ለምን ተነቀለ ይባላል። ቢደርቅ ግን ሠራተኛ ሴት ናት፣ ማጠጫ ጊዜ አጣች ነው። የደረቀ ጓሮ ማንም ቆሞ አያይም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውኃ ቆመ። እቴቴ እጣቢውን ሳይቀር ውጭ ወስዳ ትደፋዋለች። በጋ ነው፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ቧንቧው ሰርቪሱ በር ሥር ነው። መጀመሪያ ሰላጣው ተኛ፣ ከዚያ ቆስጣው። ጎመኑ ግን እልኸኛ ነበር። ቀትር ላይ ጨርቅ ሆኖ የዋለው ጠዋት በብርዱ ቀና ብሎ ይጠብቀኛል። አንጀቴን የበላው ይህ ቀና ማለቱ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ በየካ በኩል ደመና ሲጠቁር ዝናብ እንዳይመጣ ስለት ተሳልኩ፤ አትክልት ተክሎ እንዲህ የጸለየ ሰው ያለ አይመስለኝም።

«እቴቴ፣ አንዷን ቃሪያ ብቻ ባጠጣስ?» አልኳት።

«ቃሪያ መልሶ ይበቅላል» አለችና የቀረውን ሳትጨርስ ወደ ቤት ገባች። የልጇ ክፍል ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማሁ። ዳግመኛ አልጠየቅኳትም።

ጎብኚዎቹ በየካቲት መጡ። ሰርቪሱ ውስጥ ሆኜ የጓድ ታደሰን ሳቅ ሰማሁ።

«አያችሁ? ያበቀለችውን ማጠጣት አቅቷት! በሉ ጊዜያችንን አናባክን።» አንዱ ጣሳዬን በእግሩ ገፋ፣ ጣሳው ተንከባለለ፣ ወጡ። ከሰርቪሱ በር የደረሰ የለም።

እቴቴ በሩን ቀርቅራ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ለጓሮው አለቀስኩ። ነፍሴ ተርፋ ለጎመን ማልቀሴ አሳፈረኝ፤ እንባዬን ግን ማቆም አልቻልኩም።

መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ ከዚያ ግቢ አልወጣሁም። የእቴቴ ልጅ አልተመለሰም። ጓድ ታደሰ የት እንደደረሰ አላውቅም፤ መንገድ ላይ ባገኘውም በፊቱ አልለየውም ነበር።

አሁን በሰፈራችን ውኃ በፈረቃ ነው። ሲጠፋ በጄሪካን የተረፈችውን ጠዋት ይዤ ወደ በረንዳ እወጣለሁ፤ ፊቴን ሳልታጠብ የምውልበት ቀን አለ። ባለቤቴ ትቆጣኛለች።

«ኧረ አንተ ሰው፣ መጀመሪያ ሰው ይቅደም እንጂ!»

«አንድ ጊዜ ቀድሟል» እላታለሁ፣ ማጠጣቴን ሳላቋርጥ።