ጠብ አይል የሠራው ጠመንጃ

የሰፈራችንን ቧንቧ ሠራተኛ «ጠብ አይል» እንለዋለን። እሱ ያጠበቀው ቧንቧ ማፍሰሱ ቀርቶ፣ ባለቤቱ ራሱ ውሃ ሲፈልግ ይለማመጠዋል። ይህ ሰው በሃምሳ ዓመቱ የስፖንጅ ጥይት የሚተኩስ መጫወቻ ጠመንጃ መሥራት ጀመረ።

ጥፋቱ የሚስቱ ወንድም ነው። መጫወቻ ሻጩ አማቹ አንድ እሑድ አንጸባራቂ ጠመንጃ ይዞ መጣና፣ ገና ከበሩ የጠብ አይልን ግንባር በስፖንጅ መታው።

«የፋብሪካ ነው አማቼ! በእጅ አይሠራም።»

ግንባሩ ምንም አልሆነ፤ ክብሩ ግን ክፉኛ ቆሰለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትርፏ ክፍል የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሆነች። የፕላስቲክ ቧንቧው አፈሙዝ ሆነ፤ ሞላው ከሶፋው ተነቀለ። አሁን ሶፋው ላይ የሚቀመጥ ሰው መሬት ደርሶ ይመለሳል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ክፍል አጥታ ከምድጃው አጠገብ ስለምትሰፋ፣ አንዲት ሙሽራ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተች ተድራለች።

«ስማ» አለችው በመጨረሻ፤ «እሑድ ማን አርቆ እንደሚተኩስ ከወንድሜ ጋር ተወዳደር። ካሸነፍክ ክፍሉ ያንተ። ከተሸነፍክ ኮተትህን ጠቅልለህ ትወጣለህ፤ የስፌት መኪናዬ ይገባል።»

«ካሸነፍኩ ዳግም አታነሺውም?»

«እስከ ዕለተ ሞቴ!»

እሑድ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተኮለኮለ። ለእያንዳንዳቸው ሦስት ጥይት ተፈቀደ። ከአማቹ ጥይቶች የተሻለችው ግቢውን አጋምሳ ልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ወደቀች። ጠብ አይል ክንዱን የሚያህል ጠመንጃውን ሲያነሳ ሴቶቹ ጆሯቸውን ያዙ።

ፕፍ።

ጥይቷ ከአፈሙዙ ብቅ አለችና እዚያው ቀረች።

«ሰፈሩን ልታይ ነው የወጣችው?» አለ አማቹ። «ውጪ በላት እንጂ፣ ምን ያሳፍራታል!»

ሁለተኛዋም እንደዚያው። አንድ ብቻ ቀረች። ሚስቱ በልቧ የስፌት መኪናውን መስኮቱ ሥር አስቀምጣ ጨርሳለች፤ ቢሆንም የቀረችውን ጥይት ተቀብላ ስታገላብጣት ዓይኗ ፈጠጠ። ቧንቧ ሲገጠም ጥርሱ ላይ የሚጠመጠመው ነጭ ቴፕ ሰባት ዙር ተጠምጥሞባታል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አየር እንዳያፈስ ነዋ!»

«እኔ እንዲህ አጥብቄ ብሰፋ ደንበኛዬ ቀሚሷ ውስጥ ታፍና ትሞት ነበር! የሚገባና የሚወጣ ነገር መላወሻ ይፈልጋል፣ አንተ ሰው!»

«እህቴ፣ ተይው!» ጮኸ ወንድሟ። «ክፍሉን ታጫለሽ!»

እጇ ቴፑ ላይ ቆመ። ክፍሉን በዓይነ ሕሊናዋ እያየችው እንደሆነ ፊቷ ያስታውቃል።

«የተበላሸ ልክ እያየሁ ዝም ማለት አልችልም» አለችና ስድስቱን ዙር ፈታች።

ጥይቷ ገመዱን አለፈች፣ አጥሩን ዘለለች፣ የጎረቤት ጣሪያ ላይ አረፈች። ጠብ አይልን ከጠየቃችሁት ግን እስካሁን አላረፈችም።

ሰኞ ጠዋት የስፌት መኪናውን ተሸክሞ ወደ ክፍሉ ሲያስገባ አየነው።

«አሸንፈህ የለ እንዴ?» አልነው።

«አሸንፌያለሁ! ግን ሁለተኛውን ልሠራ ነው፤ ልክ የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ያስፈልገኛል።»

«መስኮቱ ሥር አድርገው!» አለች ሚስቱ ከውስጥ። «ሞላህን ወደዚያ ግፋው! አሁንም ወደዚያ!»

ዕቃው ተደርድሮ ሲያልቅ፣ ከክፍሉ ለድል አድራጊው የደረሰችው አንዲት መደርደሪያ ነበረች።