ፊታችሁን ወደ ግድግዳው

አባባ የምንላቸው አያታችን የደጃዝማቹ ሾፌር ነበሩና፣ ደጃዝማቹ ጣሊያንን ሊወጉ ጫካ ሲገቡ አሮጌ መኪናቸውን ይጁቤ ከተማ እኛ ግቢ በአደራ ተዉላቸው። አባባ ሞተሯን ፈትተው፣ ወልውለው በገጠሙ ቁጥር፣ ያለ እሷ መኪናዋ የማትነሳ አንዲት ብረት ያስቀሩ ነበር። ሊደብቋት ሲሄዱም እናቴንና እኛን ልጆቹን «ፊታችሁን ወደ ግድግዳው አዙሩ፤ ያላየ አይመሰክርም» ይሉናል። ሲመለሱ «በቃ፣ ዙሩ» ይላሉ።

አባባ ሞተው በአርባቸው ማግስት ጣሊያኖች መኪናዋን ሊወስዱ መጡ። መላልሰው ቢሞክሩ አልነሳም አለች። አንዱ ወታደር እናቴ ላይ ጠመንጃ ደገነ፤ አስተርጓሚው «የጎደለው ብረት የት ነው?» አላት።

«ልጆቼን ይንሳኝ፣ ከግድግዳ በቀር ያየሁት የለም!»

መሐላዋ እውነት ነበር። መኪናዋን ጥለው ሄዱ።

ትናንት በመኪናዋ በኩል ሳልፍ፣ ሳላስበው ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። «በቃ፣ ዙሩ» የሚለውን ድምፅ ስጠብቅ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።